የነፋስ ዓይን፤ «ዊንዶው» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ከወዴት እንደ መጣ

በእንግሊዞች ቋንቋ መስኮት «ዊንዶው» ይባላል። እንግሊዛዊ ጧት ተነሥቶ መስኮቱን ሲከፍት፥ ማታም ሲዘጋ፥ በየቀኑ በአፉ የሚጠራው ይህ ቃል በጥንት ትርጓሜው «የነፋስ ዓይን» ማለት እንደ ሆነ የሚያስብ ጥቂት ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው ቃሉ ከመሠረቱ የእንግሊዝ አለመሆኑ ነው። በመርከብ መጥተው ገዳማቱን የዘረፉ፥ መነኮሳቱን የገደሉ፥ ምድሩንም በሰይፍ የያዙ የሰሜን ሰዎች ያመጡት ቃል ነው። እንግሊዞች ለመስኮት ከአባቶቻቸው የወረሱት የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም የምትጸልይበት የላቲን ቋንቋ ሌላ ስም ነበረው። እነዚህ ሁለቱ ቀርተው የጠላት ቃል በቤት ውስጥ እንዴት እንደ ነገሠ መመርመር፥ ቋንቋ በምን እንደሚኖርና በምን እንደሚያድግ ለማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የቃሉ አፈታት እንዲህ ነው። የሰሜን ሰዎች የተባሉት ዛሬ ዴንማርክ፥ ኖርዌይና ስዊድን በሚባሉት አገሮች ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። በቋንቋቸው «ቪንድር» ነፋስ፥ «አውጋ» ዓይን ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲናበቡ «ቪንዳውጋ» ይሆናሉ። የዚያ ዘመን ቤታቸው ረጅም አዳራሽ ነበረ፤ በመካከሉ ምድጃ ይነድዳል፥ በግራና በቀኝ ሰዎች ተቀምጠው ይሞቃሉ። ጢሱ የሚወጣበት፥ ብርሃንም የሚገባበት ቀዳዳ በጣራው ላይ ይተውለታል። አገሩ ብርድ የጸናበት ስለ ሆነ ቀዳዳው ሁሉ ጠባብ ነበረ፤ መስተዋትም አልነበረውም። ስለዚህ በዚያ በኩል ዘወትር የሚገባውና የሚወጣው ነፋስ ነበረ። ባለቤቱም ቤቱን እንደ ሕያው አካል ቈጥሮ፥ ያችን ቀዳዳ የነፋስ ዓይን ብሎ ጠራት።

ቀዳዳን ዓይን ብሎ መጥራት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እንጀራ ሲጋገር በላዩ የሚታየው ቀዳዳ ዓይን ይባላል፤ እንጀራው ዓይን ካላወጣ ጋጋሪቱ ታፍራለች። ከምድር የሚፈልቀውም ውኃ የመነጨበት ስፍራ የውኃ ዓይን ይባላል። የሰው ልጅ በየአገሩ በቋንቋ ይለያይ እንጂ ማሰቡ አንድ ነው። ሩሲያውያን መስኮትን «አክኖ» ይሉታል፤ ይህም «ኦኮ» ከተባለው የዓይን ጥንታዊ ስም የወጣ ነው። በህንድ ጥንታዊ ቋንቋ በሳንስክሪት ክብ መስኮት «ጋቫክሻ» ይባላል፤ የበሬ ዓይን ማለት ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ዑልፊላ የሚባለው የጎቶች ኤጲስ ቆጶስ፥ ምንም እንኳ በሃይማኖቱ አርዮሳዊ ቢሆን፥ ለሕዝቡ ፊደል አበጅቶ መጻሕፍትን ተርጕሞ ነበር። በዚህም ጥንታዊ ትርጕም፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ከደማስቆ ቅጥር በቅርጫት ሆኖ የወረደበት መስኮት «አውጋዳውሮ» ተብሎ ተጽፏል፤ የዓይን ደጅ ማለት ነው። ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተሉም አሉ። እስፓኞች ከነፋስ ስም አውጥተው «ቤንታና» አሉት፤ ፖርቱጋሎች ደግሞ ትንሽ ደጅ ነው ሲሉ «ዣኔላ» አሉት። እንግዲህ አንዱ ዓይንን፥ አንዱ ነፋስን፥ አንዱ ደጅን ሲያይ፥ የሰሜኑ ሰው ነፋስንና ዓይንን በአንድ ቃል አስተባበረ።

እንግሊዞችም የሰሜን ሰዎች ሳይመጡባቸው በፊት የራሳቸው ቃል ነበራቸው። «ኤአግ» ዓይን፥ «ቲርል» ቀዳዳ ነበረና፥ መስኮትን «ኤአግቲርል» የዓይን ቀዳዳ ይሉት ነበር። ዛሬ ይህን ቃል የሚናገር የለም፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልጠፋም። እንግሊዞች የአፍንጫን ቀዳዳ እስከ ዛሬ «ኖስትሪል» ይሉታል፤ «ኖስ» አፍንጫ፥ «ትሪል» ያው የጥንቱ ቀዳዳ ነው። ከቤቱ ግድግዳ የተባረረው ቃል በሰው ፊት ላይ ተሸሽጎ ቀርቷል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የቤተ ክርስቲያን መስኮት እንኳ ባዶ ቀዳዳ ነበረ። በ7ኛው መቶ ዓመት ዊልፍሪድ የሚባለው ጳጳስ በዮርክ ከተማ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ሲረከብ ጣራው ያፈስስ ነበር፤ ወፎችም በመስኮቱ እየገቡና እየወጡ ጎጆ ሠርተው ውስጡን አርክሰውት እንደ ነበረ ገድሉን የጻፈው እስጢፋኖስ ይናገራል። ዊልፍሪድም ጣራውን በእርሳስ ከድኖ በመስኮቶቹ ላይ መስተዋት አስገባባቸው። በዚያው ዘመን አበ ምኔቱ ቤነዲክት ቢስኮፕ በ674 ዓ.ም. በዊርማውዝ ገዳም መሥርቶ፥ ለቤተ ክርስቲያኑ መስኮት የመስተዋት ሠራተኞች ከጋሊያ፥ ከዛሬዪቱ ፈረንሳይ ምድር፥ አስመጣ። የእንግሊዝ ሰዎች ይህን ጥበብ ከዚያ በፊት አያውቁትም ነበር፤ ከእነዚያ ሠራተኞች ተማሩት። ይህን የጻፈው በሕፃንነቱ ለዚያ ገዳም የተሰጠው፥ ታሪክ ጸሓፊው መነኩሴ ቤዳ ነው። ሕዝቡ ግን በየጎጆው ከመስተዋት ጋር ሳይተዋወቅ ብዙ መቶ ዓመታት ኖረ። ቀዳዳውን በእንጨት መዝጊያ ይዘጋው ነበር፤ የተሻለውም በዘይት የተነከረ ጨርቅ ወይም ስስ ብራና፥ ወይም ተፍቆ የሳሳ ቀንድ ይወጥርበት ነበር።

በ793 ዓ.ም. የሰሜን ሰዎች በባሕር መጥተው ሊንዲስፋርን የምትባለውን የደሴት ገዳም ዘረፉ፤ ከመነኮሳቱም ገደሉ። በ865 ዓ.ም. ደግሞ ለመዝረፍ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱን ለመያዝ ታላቅ ሠራዊት ይዘው መጡ። ንጉሥ አልፍሬድ በ878 ዓ.ም. ድል አደረጋቸው፤ መሪያቸው ጉትሩም ተጠመቀ፥ አልፍሬድም የክርስትና አባት ሆነው። ከዚህ በኋላ በአገሩ ሰሜንና ምሥራቅ በኩል የዴኖች ሕግ የሚሠራበት ሰፊ ምድር ተለይቶ ተሰጣቸው። በ1016 ዓ.ም.ም ክኑት የሚባለው ዴን በእንግሊዝ ሁሉ ላይ ነገሠ።

ሰይፍ ቃልን አይተክልም፤ ቃልን የሚተክለው ጉርብትና ነው። የሰሜን ሰው ምድር ከያዘ በኋላ አራሽ ሆነ፤ ከእንግሊዛዊቱ ልጅ ጋር ተጋባ፤ በገበያ ከእንግሊዛዊው ጋር ከብት ተለዋወጠ። ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ስለ ነበሩ ያለ አስተርጓሚ ለመግባባት ብዙ አልተቸገሩም። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ የገቡት የሰሜን ቃላት የቤተ መንግሥት ቃላት ሳይሆኑ የማጀትና የደጅ ቃላት ናቸው። ቢላዋ «ናይፍ»፥ እንቁላል «ኤግ»፥ ሰማይ «ስካይ» የተባሉት ከእነርሱ ነው። ባል የሚጠራበት «ሀዝባንድ» የሚለው ቃል ጥንት ቤት ያለው፥ ባለቤት ማለት ነበረ፤ ይህም የእነርሱ ነው። ሕግ እንኳ የሚጠራበት «ሎው» የተባለው ቃል ከእነርሱ የተገኘ ነው። ባሉ በሰሜን ሰዎች ስም ከተጠራ፥ ቢላዋውና እንቁላሉም ከተጠራ፥ ብርሃን የሚገባበት መስኮት በዚያው ስም ቢጠራ አያስደንቅም።

ነገር ግን ቃሉ ገና ሌላ ባላጋራ ይጠብቀው ነበር። በ1066 ዓ.ም. ዊልያም የኖርማንዲ መስፍን እንግሊዝን ድል አድርጎ ነገሠ። ከእርሱም ጋር የፈረንሳይ ቋንቋ በቤተ መንግሥት፥ በፍርድ አደባባይና በመኳንንት ቤት ተተከለ። በፈረንሳይኛ የመስኮት ስም «ፌኔስትር» ነበረ፤ ይህም «ፌኔስትራ» ከሚለው ከላቲን የወጣ ነው። ካህናቱ በላቲን የሚያነብቡት፥ መኳንንቱ በፈረንሳይኛ የሚናገሩት ቃል አንድ ስለ ሆነ፥ ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት በአንድ ቃል ተስማሙ ማለት ነው። እንግሊዞችም ከዚህ ወስደው «ፌኔስተር» እያሉ መጻፍ ጀመሩ። እንዲህ ሆኖ በአንዲት አገር ለአንዲት ቀዳዳ ሦስት ስም ተገኘ፤ አንዱ የአባቶች፥ አንዱ የወራሪዎች፥ አንዱ የሊቃውንትና የጌቶች።

በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ በበኣት ተዘግተው ለሚኖሩ፥ በግዕዝ ዝጉሓን የሚባሉትን ለሚመስሉ ሴቶች መናንያን፥ የኑሮ ሥርዓት የሚያስተምር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፤ ስሙም «አንክረን ዊስ» ይባላል። የዚህ መጽሐፍ ደራሲ ስለ መስኮት አብዝቶ ያስጠነቅቃል። የመናኒቱ በኣት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያሳይ መስኮት አለው፤ ወደ አገልጋዮቹ ቤት የሚያሳይም አለው፤ ከእንግዳ ጋር የምትነጋገርበትም አለው። ሁሉም ትንንሽ ይሁኑ፥ የእንግዳው ግን ከሁሉ ያነሰና የጠበበ ይሁን ይላል። በመስኮቱም ላይ ነጭ መስቀል ያለበት ጥቁር መጋረጃ እንዲደረግ ያዝዛል፤ ዓይን ሲወጣ ልብ ተከትሎት እንዳይወጣ ነው። ይህ ደራሲ በዚህ ምክሩ ውስጥ የሚጠቀምበት ስም «ቱርል» የሚለው፥ ከጥንቱ የአባቶች ቃል የቀረው ግማሹ ነው። ስለዚህ የሰሜኑ ቃል በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በታየበት በዚያው ዘመን የአባቶችም ቃል በሕይወት እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ሁለት ስሞች ለአንድ ነገር በአንድ አገር ሲኖሩ ምን እንደሚሆን፥ የማተሚያ ጥበብን ወደ እንግሊዝ ያገባው ዊልያም ካክስተን በ1490 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ ደስ በሚያሰኝ ታሪክ ገልጦታል። ነጋዴዎች በቴምዝ ወንዝ በመርከብ ሲሄዱ ነፋስ ስላጡ ወደ ምድር ወረዱ። አንዱም ወደ አንዲት ሴት ቤት ገብቶ ምግብ፥ ይልቁንም እንቁላል፥ «ኤግስ» ብሎ ጠየቀ። ሴቲቱም ፈረንሳይኛ አላውቅም አለችው። እርሱም ፈረንሳይኛ የማያውቅ እንግሊዛዊ ስለ ነበረ ተቈጣ። ሌላው ሰው በጥንቱ ስም «ኤይረን» ብሎ ሲጠይቅላት ያን ጊዜ ገባት። ነጋዴው የተናገረው ከሰሜን ሰዎች የመጣውን ቃል ነበረ፤ ሴቲቱም የጠበቀችው የአባቶቿን ቃል ነበረ። ካክስተንም እንዲህ ባለ ዘመን ጸሓፊ የትኛውን ይጻፍ እያለ ተጨንቋል።

ስለ መስኮት ግን ጸሓፊዎች ቀደም ብለው ፈርደው ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጆን ዊክሊፍ ስም የሚጠራው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ፥ ተርጓሚዎቹ ኖኅ የመርከቡን መስኮት ከከፈተበት ስፍራ ደረሱ። በፊታቸው የተዘረጋው የላቲን መጽሐፍ «ፌኔስትራ» ይላል። ከዚህ የወጣው «ፌኔስተር» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ውስጥ ነበረ፤ ፊደሉን ጥቂት ለውጠው ቢጽፉት የሚነቅፋቸው አልነበረም። እነርሱ ግን «ዊንዶው» ብለው ጻፉ። መጽሐፉን እንዲሰማ የፈለጉት ሕዝብ በቤቱ የሚጠራው ይህን ነበርና። በ1530 ዓ.ም. ዊልያም ቲንዴል ኦሪትን ከዕብራይስጥ ሲተረጕም፥ በ1611 ዓ.ም.ም በንጉሥ ጀምስ ትእዛዝ የተዘጋጀው ትርጕም ሲታተም፥ የጥፋት ውኃ የወረደባቸው የሰማይ መስኮቶች በዚሁ ስም ተጠሩ። ገዳም የዘረፉ ሰዎች ያመጡት ቃል በቤተ ክርስቲያን መነበቢያ ላይ ወጣ። «ፌኔስተር»ም በ16ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ከእንግሊዝኛ ጠፋ።

የላቲኑ ቃል ግን እንደ ሕዝቡ ቃል እንደ «ቲርል»፥ በጠባብ ስፍራ ተጠግቶ ኖረ። የሕንፃ ሊቃውንት የመስኮት አደራደርን «ፌኔስትሬሽን» ይሉታል። ሰውን በመስኮት ወርውሮ መጣልም «ዲፌኔስትሬሽን» ይባላል። ይህም ቃል የታወቀው በ1618 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ የፕሮቴስታንት መኳንንት የንጉሠ ነገሥቱን ሁለት ሹማምንትና ጸሓፊያቸውን ከግንቡ መስኮት ስለ ወረወሩ ነው። ሦስቱም ከሞት ተረፉ፤ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ግን ከዚያ ተነሣ።

የእንግሊዝ ጎረቤቶች መንገድ ሌላ ነበረ። ጀርመኖች «ፌንስተር»፥ የዌልስ ሰዎች «ፌኔስትር» ብለው የላቲኑን ቃል አገር አደረጉት። የሚገርመው፥ ከሰሜን ሰዎች ወገን የሆኑት ስዊድኖች የራሳቸውን ትተው ከላቲን የወጣውን ቃል ከጀርመኖች ተቀበሉ። በሌላ በኩል ግን የሰሜን ሰዎች ከተማ የቈረቈሩባት አየርላንድ «ቪንዳውጋ»ን ወስዳ በራሷ ቋንቋ «ፊንዮግ» አለችው። ስለዚህ ዛሬ የነፋስ ዓይንን በስዊድን ፈልጎ ያጣ ሰው፥ በዱብሊንና በሎንዶን ያገኘዋል።

ስሙ እንዲህ ከተተከለ በኋላ ነገሩ ራሱ ተለወጠ። መስተዋት በ16ኛው መቶ ዓመት በባለጠጎች ቤት በዛ። በ1590ዎቹ ዓመታት የተሠራው ሃርድዊክ የሚባለው የአንዲት ባለጠጋ እመቤት አዳራሽ ከግድግዳው መስተዋቱ ይበልጣል እየተባለ ተረት ሆነ። መስኮት የሀብት ምልክት በሆነ ጊዜም መንግሥት ዓይኑን ጣለበት። በ1696 ዓ.ም. በንጉሥ ዊልያም 3ኛ ዘመን በመስኮት ቍጥር የሚከፈል ግብር ተደነገገ፤ እያንዳንዱ ቤት 2 ሽልንግ ሲከፍል፥ መስኮቱ ከዐሥር ያላነሰ ቤት ይጨምር ነበር። ብዙ ሰዎችም ግብር ለመሸሽ መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ። ብርሃንና ነፋስ የታጣበት ቤት በሽታ እንደሚያበዛ ሐኪሞች ሲጮኹ ኖረው፥ ግብሩ ከ155 ዓመት በኋላ በ1851 ዓ.ም. ተሻረ። በዚያው ዓመት በሎንዶን ለዓለም ኤግዚቢሽን የክሪስታል ቤተ መንግሥት የተባለው፥ ግድግዳውና ጣራው ከብረትና ከመስተዋት የሆነው ታላቅ ሕንፃ ተከፈተ። ዛሬም ያ ግብር ያስደፈናቸው መስኮቶች በአሮጌ ቤቶች ላይ እንደ ታወረ ዓይን ሆነው ይታያሉ።

እንግዲህ መስተዋት ከገባ ወዲህ መስኮት ነፋስን የሚያስገባ ሳይሆን ነፋስን የሚከለክል ሆነ፤ ስሙ ግን ያው የነፋስ ዓይን ነው። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮሶፍት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለኮምፒዩተር ያዘጋጀውን ሥርዓት «ዊንዶውስ»፥ መስኮቶች፥ ብሎ ሰየመው። ነፋስ ቀርቶ ፀሐይ በማያልፍበት ገጽ ላይ የሰሜኑ ሰው የጣራ ቀዳዳ ስሙ ተጻፈ። ቃል ከነገሩ ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ቃልን የሚያነግሠው የመጣበት አገር ክብር ወይም የተናጋሪው ሥልጣን ሳይሆን የቤት ሰው አፍ ነው። የላቲኑ ቃል ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት ደግፈውት በእንግሊዝ አልጸናም፤ የዘራፊው ቃል ግን ዘራፊው አራሽና አማች በሆነ ጊዜ ጸና። በኢትዮጵያ ደግሞ «መስኮት» በግዕዝም በአማርኛም አንድ ነው፤ ሊቁ በመጽሐፍ የሚያነበውን ባልቴቲቱ በጎጆዋ ትጠራዋለች። ስለዚህ የሊቃውንት ቃል ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም፤ ወደ ቤት ገብቶ የሚያድር ቃል ይኖራል፥ ከደጅ የሚቀር ግን ይጠፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው፥ ቋንቋ ከባዕድ ስለ ተቀበለ ብቻ አይሞትም። እንግሊዝኛ ባሉን፥ ቢላዋውን፥ ሕጉንና መስኮቱን በባዕድ ቃል ጠርቶ ሳለ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛም ጠረጴዛን ከጽርእ ተቀብሎ አማርኛ ነው። ሊታዘንለት የሚገባው ያ «ኤአግቲርል» የተባለው፥ እናት ለልጇ ማስተማር የተወችው ቃል ነው። እንግዳ ቃል ሲገባ ከሚያዝኑ ይልቅ፥ የቤቱን ቃል በየቀኑ እየተናገሩ ለልጅ የሚያስተላልፉ ቋንቋን ይጠብቃሉ፤ መስኮት ዘወትር የሚከፈትበት ቤት በነፋስ አይፈርስምና።